አንድ ጊዜ የተጻፈ ስለ ምን ዳግመኛ ይጻፋል?

ንግድ የሚካሄደው በዕቃና በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ጭምር መሆኑን ለምክር ቤታችን አባሎች ማስረዳት ለቀባሪው አረዱት እንደ ማለት ነው። አንድ ጆንያ ሰሊጥ ከመጋዘን ወጥቶ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ በስንት ወረቀት ላይ እንደሚጻፍ ላኪው ያውቀዋል፤ አንድ ካርቶን መለዋወጫ ከወደብ ተነሥቶ ከሱቅ መደርደሪያ እስኪደርስ ድረስ ስሙና ቁጥሩ በስንት መዝገብ እንደሚገባ አስመጪውም ባለሱቁም ያውቁታል። ዛሬ የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል በኮምፒዩተር ይሠራል። ይሁን እንጂ በአያሌ የንግድ ቤቶች ዘንድ አንድ የማይጠቅም ልማድ ሥር ሰዶ ይገኛል፤ ይኸውም በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈውን ጽሑፍ ጸሐፊው በዓይኑ እያነበበ በሌላው ፕሮግራም ውስጥ እንደ ገና በጣቱ እየለቀመ መጻፉ ነው።

አሳባችንን ከመነሻው በግልጽ ለማስቀመጥ ያህል፤ አንድ ጊዜ በትክክል የተጻፈ ጽሑፍ ዳግመኛ በእጅ ሊጻፍ አይገባውም፤ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የማስተላለፉን ሥራ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይፈጽመው እንላለን። ከዚህ ጋራ ግን አብሮ መነገር ያለበት ነገር አለ። ጽሑፍ በማሽን ሲተላለፍ ደንብ ካልተበጀለትና በመግቢያው በር ላይ ካልተቆጠረ፤ በእጅ ከመጻፍ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ነጋዴው ነገሩን ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ትቶ ሊቀመጥ አይችልም፤ ደንቡን ራሱ ሊያውቀውና በመሥሪያ ቤቱ ሊያዝዘው ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፤ ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ በአንድ ላኪ መሥሪያ ቤት የሚሆነውን እንመልከት። ከውጭ አገር ገዥ ጋራ የተደረገው ውል በጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ተጽፎ ይቀመጣል። ገዥው የከፈተው ሌተር ኦፍ ክሬዲት በባንኩ በኩል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የሥሪት አገር የምስክር ወረቀት ማመልከቻ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና ለመርከብ ወኪል የሚሰጠው መግለጫ በየተራቸው ይዘጋጃሉ፤ በመጨረሻም ሽያጩ በሒሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ ይመዘገባል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ የገዥው ስም፣ የዕቃው መግለጫ፣ የጆንያው ብዛት፣ የተጣራና ያልተጣራ ክብደት፣ የውሉ ቁጥርና ዋጋው ደጋግመው ይመጣሉ። አንዱ ጽሑፍ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ በእጅ ከተጻፈ፤ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ የመሳሳት በር ተከፈተ ማለት ነው። ጸሐፊው ትጉህ ቢሆን እንኳ፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ በድካም የሚጽፈው ሰባተኛው ወረቀት ሰኞ ጧት እንደ ጻፈው እንደ መጀመሪያው ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ስሕተቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለመረዳት፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውን፤ ዩሲፒ 600 የተባለውን የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ ማየት ይበቃል። ይህ ደንብ 39 አንቀጾች ያሉት ሲሆን ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ይሠራበታል። በደንቡ መሠረት ባንኮች የሚመለከቱት ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ለምርመራውም ሰነዱ ከቀረበበት ቀን ማግሥት ጀምሮ ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀኖች ተሰጥተዋቸዋል። በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ ካለው ጋራ መስማማት አለበት፤ በሌሎቹም ሰነዶች ላይ ያለው ቃል በቃል አንድ ባይሆን እንኳ እርስ በርሱ የሚጋጭ መሆን አይገባውም። የተጋጨ እንደ ሆነ ባንኩ አልከፍልም ለማለት መብት አለው።

እንግዲህ ዕቃው ጥራቱ ሳይጓደል በመርከብ ላይ ሳለ፤ በፓኪንግ ሊስቱ ላይ አንድ አኃዝ በመዛባቱ ብቻ ገንዘቡ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። ባንኩ ስለ ሰነዱ ጉድለት ማስከፈሉ ሳይቀር፤ ላኪው ጉድለቱን እንዲያልፍለት የገዥውን መልካም ፈቃድ ለመለመን ይገደዳል። የዕቃው የዓለም ገበያ ዋጋ በዚያው ሳምንት ወርዶ እንደ ሆነ ደግሞ፤ ገዥው መልካም ፈቃዱን በቅናሽ ይሸጥለታል። በመሠረቱ ይህ ሁሉ የጣት ስሕተት ውጤት ነው።

የባለሱቁም ነገር ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። አቅራቢው በኢሜይል የላከለትን የዋጋ ዝርዝር ወደ ዕቃ መዝገቡ በእጁ ሲገለብጥ አንዱን መሥመር ቢዘልል፤ ቀጥሎ ያሉት ዋጋዎች ሁሉ የሌላ ዕቃ ዋጋዎች ይሆናሉ። የደንበኛውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሲጽፍ አንድ አኃዝ ቢያሳስት፤ ያ ደረሰኝ በሒሳብ ምርመራ ጊዜ ለደንበኛው የማይረባ ወረቀት ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ በስሕተት የተጻፈውም እንደዚሁ የሚወረስ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ይህ ሁሉ የሚደርሰው ግን መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። ጽሑፍን ከአንድ ቦታ ቀድቶ ወደ ሌላ ቦታ የመለጠፍ ዘዴ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል በላሪ ቴስለርና በቲም ሞት የተሠራው በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነው። በ1973 ደግሞ በቤል ላቦራቶሪ፤ በዳግላስ ማክልሮይ አሳብ መነሻነት፤ ኬን ቶምሰን ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ላይ የአንዱ ፕሮግራም ውጤት በቀጥታ ወደ ሌላው የሚፈስስበትንና «ቧንቧ» ተብሎ የተሰየመውን ዘዴ ሠራ። ማይክሮሶፍት በ1987 ሁለት የዊንዶውስ ፕሮግራሞች በሥራ ላይ እንዳሉ ጽሑፍና ቁጥር የሚቀባበሉበትን፤ ዲዲኢ የተባለውን መንገድ አወጣ። አፕልም በ1993 ባወጣው በአፕልስክሪፕት አማካይነት ተጠቃሚው ፕሮግራሞቹን በጽሑፍ ትእዛዝ እንዲያሠራቸው አደረገ። ስለዚህ ዘዴው አዲስ ነገር አይደለም፤ ከብዙዎቹ ጸሐፊዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል።

ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒዩተር ውስጥ ጽሑፍ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚተላለፍባቸውን መንገዶች በአራት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን።

አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ክሊፕቦርድ ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ በሌላው ፕሮግራም ፔስት ማድረግ ለአንድ መሥመር ወይም ለአንድ አድራሻ እጅግ ጥሩ ነው። ነገር ግን በተለመደው አሠራሩ የሚይዘው መጨረሻ የተቀዳውን ብቻ ስለ ሆነ፤ ጸሐፊው ኮፒ ማድረጉን ዘንግቶ ፔስት ቢያደርግ ቀደም ሲል የቀዳው የሌላ ደንበኛ ስም ይገባል። ስሙም በትክክል የተጻፈ ስም ስለ ሆነ ዓይን አይይዘውም።

ሁለተኛው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ልክ ሰው የኮምፒዩተሩን ቁልፎች እንደሚጫን አስመስሎ ጽሑፉን በሌላው ፕሮግራም መስኮት ውስጥ እንዲጽፍ የሚደረግበት ነው። ይህ መንገድ በር ለሌለው አሮጌ ፕሮግራም የሚያገለግል ቢሆንም ዓይን የለውም። በሥራው መካከል አንድ የማስጠንቀቂያ መስኮት ብቅ ቢል፤ የዋጋው ቁጥር በአድራሻው ቦታ፤ አድራሻውም በክብደቱ ቦታ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ፤ ያውም ሰው አጠገቡ ሆኖ እየተመለከተው ሊሠራበት ይገባል።

ሦስተኛው በፋይል አማካይነት የሚደረገው ነው። አንደኛው ፕሮግራም ጽሑፉን በታወቀ ቅርጽ፤ ለምሳሌ በሲኤስቪ፤ በፋይል አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያንን ፋይል አንብቦ ይቀበላል። ሲኤስቪ ማለት በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ሰንጠረዥ ሲሆን፤ እያንዳንዱ መሥመር አንድ መዝገብ፤ በኮማ የተለየውም እያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓምድ ነው። የዚህ መንገድ ጥቅም ፋይሉን ሰው ከፍቶ ሊያየው፣ መሥመሩን ሊቆጥረውና ለማስረጃ ሊያስቀምጠው መቻሉ ነው።

አራተኛው አንደኛው ፕሮግራም ሌላውን በስሙ ጠርቶ «በኢንቮይሱ ቅጽ ውስጥ፤ የገዥ ስም በተባለው ቦታ፤ ይህን ጻፍ» ብሎ በቀጥታ የሚያዝዝበት ነው። ከሁሉም የተሟላው ይህ ነው፤ ነገር ግን የሚያዘጋጀውና በየጊዜው የሚጠብቀው ባለሙያ ይፈልጋል።

በእኛ በኩል ለመካከለኛና ለትንሽ ንግድ ቤት የሚመረጠው ሦስተኛው መንገድ ነው እንላለን። ከዚህም ጋራ ሜይል መርጅ የተባለውን፤ በወርድ ፕሮግራም ውስጥ ቀድሞውኑ የሚገኘውን ዘዴ መጨመር ይቻላል። ጸሐፊው የገዥውን ስም፣ የዕቃውን መግለጫና ክብደቱን በአንድ ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ከጻፈ፤ ኢንቮይሱም ፓኪንግ ሊስቱም የማመልከቻ ደብዳቤውም ከዚያው ሰንጠረዥ እየቀዱ ይሞላሉ። ለዚህ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ትምህርት ይበቃል።

ከዚህ ቀጥለን ደንቡ ለምን እንደሚያስፈልግ እናስረዳለን። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል እንደ ተባለው፤ ጽሑፍን በማሽን አስተላልፋለሁ ብሎ ያለ ደንብ የተነሣ ሰው የሚያገኛቸው አራት አደጋዎች አሉ።

የመጀመሪያው የፊደላችን ነገር ነው። በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የአሜሪካ የፊደል ቁጥር ሠንጠረዥ 128 ቦታዎች ብቻ የነበሩት ሲሆን ለግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ እያስቀመጡ፤ አንዱ ሠንጠረዥ አልበቃ ሲላቸውም በሁለትና ከዚያም በላይ በሆኑ ፎንቶች እየከፋፈሉ፤ በኮምፒዩተር አማርኛ እንዲጻፍ አደረጉ። ስለዚህ ሥራቸው ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ቅደም ተከተል ስለ ተከተለ፤ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፎንት ወደሌለበት ፕሮግራም ሲሄድ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል።

የግዕዝ ፊደል ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቁጥር ያገኘው በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮም ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ከማሽኑ ጋራ አብሮ መጥቷል። ሆኖም በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፉ የደንበኛና የዋጋ ዝርዝሮች በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጠው እንደ ሆነ፤ ለዋጭ ፕሮግራም ተፈልጎ አንድ ጊዜ ወደ ዩኒኮድ ሊለወጡና ከተለወጡም በኋላ ሰው ሊያነባቸው ይገባል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን በፋይል ሲቀመጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከኤክሴል ላይ ተራውን ሲኤስቪ መርጦ ያስቀመጠ ሰው፤ የአማርኛው ፊደል በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ያገኘዋል፤ ከዚያ ፋይልም ውስጥ የመጀመሪያው ጽሑፍ ተመልሶ አይገኝም። መመረጥ ያለበት ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 የተባለው ነው።

ሁለተኛው አደጋ የቁጥሮች ነው። በ1988 በሥራ ላይ በዋለው ሐርሞናይዝድ ሲስተም በተባለው ዓለም አቀፍ የታሪፍ ምደባ የቡና አርእስት 0901 ነው። ኤክሴል እንዲህ ያለውን ሲኤስቪ በቀጥታ ሲከፍተው ቁጥር መስሎት መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜሮ ጥሎ 901 ያደርገዋል። በዜሮ የሚጀምር የስልክ ቁጥርና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም እንዲሁ ይጎድላል። ከ11 አኃዝ የበለጠውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር በማባዣ ምልክት አሳጥሮ ያሳየዋል፤ ከ15 አኃዝ በላይ የሆነውን ደግሞ ከ15ኛው ወዲያ ያለውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል። የቀን ነገርም አለ፤ 03/04 ተብሎ የተጻፈውን አንዱ ማሽን ማርች 4፤ ሌላው ኤፕሪል 3 ብሎ ያነብበዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ እንደ ሆነ ደግሞ ሁለቱም ስሕተት ይሆናሉ። ይህ ችግር የነጋዴ ብቻ አይደለም። ኤክሴል የአንዳንድ የሰው ዘረ መል ስሞችን ወደ ቀን እየለወጠ ቢያስቸግር፤ ለስሞቹ ኃላፊ የሆነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 ስሞቹን እስከ መለወጥ ደርሷል። በ2023 ማይክሮሶፍት ይህን ልማድ ማስቆም የሚያስችል ምርጫ በኤክሴል ውስጥ ጨምሯል፤ ምርጫውን አውቆ ማዘዝ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ሦስተኛው አደጋ ጽሑፍ በመንገድ ላይ ሳይታወቅ መጉደሉ ነው። በ2020 በእንግሊዝ አገር የኮሮና ምርመራ ውጤቶች ከላቦራቶሪዎች በሲኤስቪ እየመጡ ኤክስኤልኤስ በተባለው በአሮጌው የኤክሴል ቅርጽ ውስጥ ይገቡ ነበር። ያ ቅርጽ ከ65,536 መሥመር በላይ አይቀበልም። ከዚያ የተረፈው ሳይመዘገብ በመቅረቱ፤ ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባለው ጊዜ ውስጥ 15,841 ሕሙማን ከይፋዊው ቁጥር ውጭ ቀሩ፤ ከነርሱ ጋራ የተገናኙትንም ሰዎች የመፈለጉ ሥራ ዘገየ። ማሽኑ ሳይሰበርና ጽሑፉ ሳይዛባ፤ የመጣውንና የገባውን አነጻጽሮ የቆጠረ ባለመኖሩ ብቻ እንዲህ ያለ ጉዳት ደረሰ። ለአንድ ነጋዴም አንድ መቶ መሥመር ካለው ፓኪንግ ሊስት ሦስት መሥመር ቢጎድል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ዕቃው በጉምሩክ ፈታሽ ፊት ሲቆጠር ነው።

አራተኛው አደጋ የሌባ ነው። በተለመደው የዊንዶውስ አሠራር፤ በክሊፕቦርድ ላይ ያለውን ጽሑፍ በማሽኑ ላይ የሚሠራ ማናቸውም ፕሮግራም ሊያነብበውና ሊለውጠው ይችላል። የተቀዳውን የገንዘብ መላኪያ አድራሻ በሌባው አድራሻ የሚተኩ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች መኖራቸው የታወቀ ነው። ከዚህ በላይ ያነሣነውን ዲዲኢንም ወንበዴዎች መሣሪያ ስላደረጉት፤ ማይክሮሶፍት በዲሴምበር 2017 በወርድ ፕሮግራም ውስጥ ተዘግቶ እንዲቆይ አድርጓል። ስለዚህ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በየትኛውም መንገድ ቢተላለፍ፤ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ቀድሞ በሚታወቀው የስልክ ቁጥር ተደውሎ ይረጋገጥ። በኢሜይሉ ግርጌ በተጻፈው ስልክ መደወል ግን ሌባውን ራሱን እንደ መጠየቅ ሊሆን ይችላል።

ከነዚህ ሌላ በማሽን የማይመካኝ የራሳችን ጉድለት አለ፤ እርሱም የስም አጻጻፍ ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑ ብዙ ፊደሎች ስላሉን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አራት ነጥብን በአንድ ምልክት የጻፈና ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ የደገመ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ማሽኑ ግን ይለያቸዋል። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል፤ የአንዱ ነጋዴ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ አንድ ዓይነት፤ በባንክ ሌላ፤ በፓስፖርቱም ሌላ ሆኖ ይገኛል። እያንዳንዱ የንግድ ቤት የስሙን አጻጻፍ በአማርኛም በላቲንም አንድ አድርጎ ወስኖ፤ ወደ ማሽኑም አንድ ጊዜ አስገብቶ፤ ከዚያ አለመውጣት ይኖርበታል።

እነዚህን አደጋዎች ለመከላከል የምናቀርበው ደንብ አምስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፤ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ዋና መዝገብ ይኑር፤ የደንበኛ ስም የሚታረመው በዚያ ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹ ሁሉ ከዚያ ይቅዱ። ሁለተኛ፤ አማርኛ የሚጻፈው በዩኒኮድ ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፤ የማይደመርና የማይቀነስ ቁጥር፤ ማለትም የታሪፍ፣ የስልክ፣ የግብር ከፋይና የባንክ ሒሳብ ቁጥር፤ በሰንጠረዥ ውስጥ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ አኃዝ አይያዝ፤ የወር ስምም በቃል ይጻፍ።

አራተኛ፤ በመግቢያው በር ላይ ቆጠራ ይደረግ። የመጋዘን ዘበኛ ጆንያ ሲገባ እንደሚቆጥር ሁሉ፤ ከአንዱ ፕሮግራም የወጣው የመሥመር ብዛት፣ የክብደት ድምርና የዋጋ ድምር ወደ ሌላው ከገባው ጋራ ይነጻጸር። ለዚህ ከንግድ ዓለም የምንጠቅሰው መልካም ምሳሌ የኮንቴይነር ቁጥር ነው። ቁጥሩ አራት ፊደሎችና ሰባት አኃዞች ያሉት ሲሆን፤ የመጨረሻው አኃዝ ከቀደሙት በስሌት የሚገኝ መቆጣጠሪያ ነው። አንዱ አኃዝ በስሕተት ቢለወጥ ስሌቱ አይገጥምም፤ ስሕተቱም ወዲያውኑ ይታወቃል። ቁጥሩን የሚቀበል ፕሮግራም ይህን ስሌት እንዲሠራ ማዘዝ ለባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ አይሆንም። አምስተኛ፤ ማሽኑ ያስተላልፍ እንጂ አይፈርም። ሰነዱ ወደ ባንክ ወይም ወደ ጉምሩክ ከመሄዱ በፊት አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው አንብቦ ይፈርምበት።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። የመጀመሪያው የጸሐፊዎች እንጀራ ይነካል የሚለው ነው። እኛ ግን የጸሐፊው ዋጋ በጣቱ ፍጥነት ይለካል ብለን አናምንም። ሌተር ኦፍ ክሬዲቱን አንብቦ የጎደለውን የሚያይ፤ የመርከቡ ቀን ማለፉን አስቀድሞ የሚያስታውቅ፤ ሁለቱን ድምሮች አነጻጽሮ «አልገጠመም» የሚል ሰው ዛሬም ነገም ይፈለጋል። ቀኑን ሙሉ በመገልበጥ የሚያሳልፍ ጸሐፊ ይህን ለመሥራት ጊዜ የለውም፤ አሠሪውም በደመወዙ የሚገዛው ድካሙን እንጂ ዕውቀቱን አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወጪው ነው። ትንሽ ሱቅ ያለው ነጋዴ ፕሮግራም አሠርቶ ሊጠቀም አይችልም ይባላል። ነገር ግን አንድ ንጹሕ ሰንጠረዥ መያዝ፤ በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥና ድምር ማነጻጸር ገንዘብ የሚጠይቅ ሳይሆን ልማድ የሚጠይቅ ነው። በቀን ሁለት ደረሰኝ የሚጽፍ ሱቅ በእጁ መጻፉን ቢቀጥል ማንም አይፈርድበትም፤ በቀን ሃምሳ የሚጽፍ ግን ልማዱን የሚመረምርበት ጊዜ ደርሷል።

ሦስተኛው በማሽን የተላለፈ ጽሑፍ በሕግ ፊት አይጸናም የሚለው ሥጋት ነው። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ስለ ወጡ፤ ይህ ሥጋት የቀድሞውን ያህል ክብደት የለውም። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎትም የገቢና የወጪ ንግድ ፈቃዶችን በኮምፒዩተር ይቀበላል። እንግዲህ መንግሥት በሩን በኤሌክትሮኒክ ከፍቶ ሳለ፤ ነጋዴው በራሱ ማሽን ውስጥ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ በዚያ በር ላይ እንደ ገና በእጁ የሚጽፍ ከሆነ፤ ከጥቅሙ ግማሹን ትቶታል ማለት ነው።

ሌላው አባሎቻችን በብርቱ እንዲያስቡበት የምንፈልገው ጉዳይ የፕሮግራም ግዥ ነው። የሒሳብ ወይም የዕቃ መዝገብ ፕሮግራም ሲገዛ፤ ሻጩ ስለ መልኩና ስለ ፍጥነቱ ብዙ ይናገራል። ገዥው ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አራት ጥያቄዎችን ይጠይቅ። ያስገባሁትን ጽሑፍ በሙሉ በፈለግሁ ጊዜ በሲኤስቪ ወይም በሌላ በታወቀ ቅርጽ ማውጣት እችላለሁ ወይ? ከሌላ ፕሮግራም የመጣውን ፋይል ይቀበላል ወይ? አማርኛን በዩኒኮድ ይጽፋል፤ ያነብባል፤ ይፈልጋል ወይ? ውላችን ቢቋረጥ መዝገቤ በእጄ ይቀራል ወይ? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ከተቻለም ሻጩ ባለበት አንድ መቶ መሥመር አስገብቶና መልሶ አውጥቶ መቁጠር ነው። ጽሑፍ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት በር የሌለው ፕሮግራም፤ የነጋዴውን የዓመታት መዝገብ በሌላ ሰው ቁልፍ የተዘጋ ግምጃ ቤት ያደርገዋል።

በመጨረሻም ለምክር ቤታችን የምናቀርበው አሳብ አለን። መንግሥታትና ትላልቅ ኩባንያዎች የንግድ ሰነዶችን ከማሽን ወደ ማሽን ለመላላክ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኤዲፋክት የተባለውን ደንብ አዘጋጅተው፤ በ1987 ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ ጸድቋል። የእኛ አባሎች ሁሉ ወደዚያ እንዲደርሱ ዛሬውኑ መጠየቅ አይቻልም። ነገር ግን ምክር ቤቱ ለኢንቮይስና ለፓኪንግ ሊስት አንድ ወጥ የሆነ የዓምድ ቅደም ተከተልና ስያሜ አዘጋጅቶ በዚህ ጋዜጣ ቢያትም፤ አቅራቢው የላከውን ሰንጠረዥ አስመጪው፤ አስመጪው ያዘጋጀውንም ትራንዚተሩ ሳይገለብጠው ሊጠቀምበት ይችላል። ሥራው ትንሽ ነው፤ የሚፈልገው ከላኪዎች፣ ከአስመጪዎች፣ ከባለሱቆችና ከትራንዚተሮች የተውጣጡ ጥቂት ሰዎች ለጥቂት ቀኖች አብረው እንዲቀመጡ ብቻ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ባለ ንግድ ቤት አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። በዚህ ሳምንት ከሚላኩት ሰነዶች አንዱን ሙሉ ፋይል አስቀርቦ፤ የገዥው ስምና የዕቃው መግለጫ ስንት ጊዜ በእጅ እንደ ተጻፉ ጸሐፊውን ይጠይቀው፤ በሰነዶቹም መካከል ያለውን ልዩነት ራሱ ይመልከት። ቁጥሩ ከአንድ በላይ ሆኖ ያገኘው ነጋዴ፤ ከየትኛው ወረቀት መጀመር እንዳለበት ራሱ ያውቀዋል።